አበባ በቤታችንና በማሳችን ድንበር

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለአመራር አካላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቤት አያያዝ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ስለ እህል አቀማመጥ ወይም ስለ ጓሮ አትክልት እንደምናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። በግብርና ሥራ በቤት አያያዝ ባለሙያነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ እነዚህ ብዙ ተናግሬአለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አበባ ነው። ይህን የሰሙ አንድ የማኅበራችን አባት በር ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ አበባ ደግሞ ይበላል እንዴ?» አሉኝ። «ማር ሲሆን ይበላል አባቴ» አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያውስ እሰማለሁ» ብለው ገቡ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ የማሩን ነገር በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት በፒያሳ በኩል ስመጣ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውን አበባ እያየሁ ነው ያለፍኩት። ቀይ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ በተፈጥሮ የሌለ ሰማያዊ ጽጌረዳ እንኳ አለ። ሁሉም ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ነው። በየሳሎናችን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለውም ይኸው ነው። የገዛውን ሰው አልወቅስም፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። አይጠወልግም፣ ውኃ አይጠይቅም፣ አቧራ ሲይዘው ታጥቦ ይመለሳል። ነገር ግን በጦሳ ሥር የምንኖር፣ መስከረም ሲጠባ መስኩ ቢጫ የሚለብስልን ሰዎች፣ አበባን ከሩቅ አገር ፋብሪካ የምንገዛ ከሆነ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል።

አበባ በእኛ ዘንድ ምን ይናገራል?

አንዳንድ ሰው አበባ ማስቀመጥ የፈረንጅ ልማድ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ስማችንን ብቻ እንቁጠር፦ አበበ፣ አበባው፣ አበባየሁ፣ ጽጌ፣ ጽጌረዳ፣ አደይ። ዋና ከተማችንም በእቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» ተብላ የተሰየመችው በ1879 ዓ.ም. ነው።

አደይ አበባ የአዲስ ዓመት ምልክት ናት። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ፣ የሚያመጡት መልእክት አንድ ነው፤ ክረምቱ አለፈ፣ እህሉ እያሸተ ነው፣ ቤታችሁ ይለምልም የሚል ነው። በመስቀል በዓል አደይ በደመራው ላይ ትታሰራለች። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ወቅት፣ ተብሎ ይጠራል።

ቄጤማም የራሱ ቋንቋ አለው። ቤት ውስጥ ሲጎዘጎዝ «እንግዳ ይግባ፣ ቤቱ ደስታ አለበት» ማለት ነው። በቀዳም ስዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጤማ በግንባር ላይ የሚታሰረው፣ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችውን የምሥራች በማሰብ ነው። በሆሳዕና ዘንባባ ይያዛል። በነሐሴ ወር በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እየተባለ በሚከበረው የልጃገረዶች በዓል፣ ረጅሙ ለምለም ቅጠል በወገብ ላይ ይታሰራል። በኢሬቻም ክረምቱን ላሳለፈ ፈጣሪ ምስጋና የሚቀርበው ለምለም ሣርና አበባ ተይዞ ነው።

በእኛ በወሎ ደግሞ ቡና ሲፈላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጉዝጓዝ ላይ አብሮ ይቀመጣል። አሪቲውና አደሱ በመዓዛቸው ቤቱን ያውዱታል። ለቅሶ ቤት ግን ቄጤማ አይጎዘጎዝም። ሐዘንተኛውን ማንም ሳይጠይቅ፣ ወለሉን አይቶ ብቻ የቤቱን ሁኔታ ይረዳል። እንግዲህ ይህ ቋንቋ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የሌላው ዓለም ትርጉም

በአውሮፓ አበባ እንደ ደብዳቤ ያገለገለበት ዘመን ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኢስታንቡል የኖረች አንዲት የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት፣ ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ፣ በቱርክ በአበባና በልዩ ልዩ ነገሮች መልእክት መለዋወጥ እንዳለ ወደ አገሯ ጻፈች። በ1819 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም ስለ አበቦች ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ በፓሪስ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ጽጌረዳ ፍቅር፣ ነጭ ሊሊ ንጽሕና እየተባለ በየአገሩ ተዛመተ።

ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእነዚያ የድሮ መጻሕፍት ቢጫ ጽጌረዳ ቅናትን ወይም የቀዘቀዘ ፍቅርን ያመለክታል። ለእኛ ግን ቢጫ የአዲስ ዓመት ቀለም ነው። ክሪዛንተመም በፈረንሳይና በጣሊያን የመቃብር አበባ ነው፤ በጃፓን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ መለያ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ያለው በአበባው ቅጠል ላይ ሳይሆን በሕዝቡ ስምምነት ውስጥ ነው። ከውጭ ለመጣ እንግዳ አበባ ይዘን ስንሄድ የእሱን አገር ልማድ ብናውቅ መልካም ነው፤ በቤታችን ግን የራሳችንን ትርጉም ልናፍርበት አይገባም።

ጽጌረዳም ቢሆን ባዕድ አይደለችም። በደጋው አጥርና ገደላ ገደል ላይ የሚበቅለው፣ ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ ያለው፣ እረኛ ሁሉ የሚበላው ቀጋ፣ የጽጌረዳ ወገን ነው። በሐሩራማው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚገኘው የጽጌረዳ ዝርያ እሱ ብቻ ነው። ሳይንሱም የሰጠው ስም «የሐበሻ ጽጌረዳ» የሚል ትርጉም አለው።

የተቆረጠ አበባ እንዴት ይቆያል?

«አበባ አስቀምጬ በማግስቱ ጠወለገብኝ» የሚሉ እህቶች ብዙ ናቸው። አበባ ከተቆረጠ በኋላም ውኃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል። የሚጠወልገው አብዛኛውን ጊዜ የውኃ መተላለፊያው ስለሚደፈን ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን ብናደርግ ብዙ ቀን ይቆይልናል።

1ኛ. አበባን የምንቆርጠው በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። በቀትር የተቆረጠ አበባ ውኃው ያለቀበት ነው። ሙሉ በሙሉ የፈካውን ትተን ገና በመፍካት ላይ ያለውን እንምረጥ።

2ኛ. በስለታም ንጹሕ ቢላዋ አገዳውን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገን እንቁረጥ። በእጅ መቀንጠስ አገዳውን ይጨፈልቀዋል። ወዲያው ውኃ ውስጥ እናግባው።

3ኛ. ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ እናራግፍ። ውኃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል፤ ብስባሹም የውኃውን መንገድ ይደፍናል።

4ኛ. ዕቃው መጠጥ እንደምናቀርብበት ብርጭቆ ንጹሕ ይሁን። ውኃው በየ2 ቀኑ ይለወጥ፤ በተለወጠ ቁጥርም ከአገዳው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እንቁረጥለት።

5ኛ. ለ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና መጨመር ይቻላል። ስኳሩ ምግብ ይሆነዋል፣ በረኪናው ጀርሙን ይገድላል። ስኳር ብቻውን ግን አይጨመር፤ ጀርሙን የሚቀልብ ይሆናል። ውኃው ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

6ኛ. አበባው ከፀሐይ፣ ከከሰል ምድጃና ከበሰለ ፍራፍሬ ይራቅ። በተለይ ሙዝና አቮካዶ ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ አበባን ቶሎ ያረጃል። ብዙዎቻችን አበባውን ከፍራፍሬው ሳህን ጎን እናስቀምጥና ምክንያቱን ሳናውቅ እናዝናለን።

ከዚህ ጋር ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አስተናግርና ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር መርዛማ ስለሆኑ ልጆች እንዳይቀጥፏቸው ማስተማር ይገባል። ለገበያ የተመረተ ጽጌረዳም መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉ ሻይና ምግብ ውስጥ አይገባም፤ ከነካነው በኋላም እጃችንን እንታጠብ።

አደራደሩስ?

ለዚህ ውድ የአበባ ማስቀመጫ መግዛት አያስፈልግም። ማሰሮ፣ ቅል፣ የወተት ጣሳ ይበቃል። የሸክላ ዕቃ ውኃ የሚያዣ ከሆነ በውስጡ ትንሽ ጣሳ ማስገባት ነው። አበባው ወዲያና ወዲህ እንዳይወድቅ አጫጭር ጭራሮዎች በዕቃው አፍ ውስጥ አጠላልፈን እናስገባ። የረጅሙ አበባ ቁመት የዕቃውን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን ለዓይን ይስማማል። ያልፈኩትን ከላይ፣ የፈኩትንና ከበድ ያሉትን ከታች፣ አረንጓዴውን ቅጠል ከኋላና ከጎን ማድረግ ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እየተባለ በጎዶሎ ቁጥር ሲደረደር ያምራል። በመሶብ ዙሪያ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ አጠር ይበል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው መከለል የለበትም።

የእናቴ ጀበና

ስለ ዕቃ ካነሳሁ ስለ እናቴ ጀበና ልንገራችሁ። አንገቱ ተሰብሮ ነበር። እናቴ አልጣለችውም፤ መስከረም በመጣ ቁጥር አደይ ታስቀምጥበት ነበር። ስትሞት ለእኔ ደረሰኝ። እኔ ግን ዘመናዊ ነኝ ብዬ ጓዳ ወረወርኩት፤ ሳሎን ላይ የፕላስቲኩን አበባ አስቀመጥኩ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤቴን ዘግቼ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ ተመለስኩ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰው ሕይወት የጎደለበት አለና የእኔን ኪሳራ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። ቤቴ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ የፕላስቲክ አበባውም፣ ማስቀመጫውም የለም። ጓዳ ስገባ የተሰበረው ጀበና እንደነበረ ተቀምጧል፤ የተሰበረ ጀበና ማን ይወስዳል? በረንዳው ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የተከልኩት ጄራንየም ያለ ውኃ ከርሞ አንድ ቀይ ራስ አውጥቷል።

ያን ቆርጬ ጀበናው ውስጥ አስቀመጥኩት። ወንበር ስላልነበረ ወለል ላይ ተቀምጬ አየሁት። ጎረቤቴ እማማ ለመጠየቅ ገቡና አበባውን አይተው፣ «አይዞሽ፣ ቤቱ ቤት ሆኗል» አሉኝ። አበባ ምን እንደሚናገር ያን ቀን የገባኝን ያህል ከመጽሐፍ ገብቶኝ አያውቅም።

አበባ ሸጠን እንጠቀም ይሆን?

አንዳንድ ወጣት አባሎቻችን «ለምን እኛም ጽጌረዳ ተክለን ወደ ውጭ አንልክም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በአበባ ወጪ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ተሰልፋለች። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ፣ በክልላችንም በባሕር ዳር አካባቢ እርሻዎች ተቋቁመዋል። ይሁን እንጂ ያ ሥራ የፕላስቲክ ቤት፣ የጠብታ መስኖ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ መጋዘንና እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የጤፍና የማሽላ ማሳውን ለዚህ ለውጥ የሚል ምክር ለአነስተኛ አርሶ አደር አልሰጥም።

አቅማችን የሚፈቅደው የአካባቢው ገበያ ነው። ለበዓል ዋዜማ፣ ለሠርግ፣ ለተማሪዎች ምረቃ አበባ የሚፈልግ ሰው አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ተማሪዎች ያስመርቃል። በእነዚህ ቀናት ሰው እጅ ላይ የምናየው ወይ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ጽጌረዳ፣ ወይ ፕላስቲክ ነው። ደሴ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ዓይነት አበባ በአንድ ቀን ቢተከል ቆላማው ቀድሞ ይደርሳል፣ ደጋው ይከተላል። አንድ አባል ብቻውን ይህን ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሁለቱም አካባቢ አባላት ያሉት ማኅበር ግን ተራ እየያዘ ገበያውን ረዘም ላለ ጊዜ ሊመግብ ይችላል። የሴት አባሎቻችን ቡድን በጓሮ ጥግ፣ ከጎመኑና ከቃሪያው ጎን፣ በአንድ መደብ ሊጀምረው ይችላል። ካላዋጣ የሚጠፋው አንድ መደብ ብቻ ነው።

አደይን ከነሥሯ አንንቀል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጅ ልጆቼ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አደይ ሊያመጡ ወጡ። ዕቅፍ ሙሉ ይዘው ተመለሱ፤ አብዛኛው ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነቀለ ነበር። ደስታቸውን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። በዓመቱ ወደዚያው ቦታ ሄደው ባዶ እጃቸውን መጡ። ትንሿ፣ «እማማ፣ አደይ ዘንድሮ ቀረች እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ጸጸተኝ።

አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። የሚቀጥለው ዓመት አደይ ያለችው በዚያ ዘር ውስጥ ነው። ዘር ሳትጥል በሙሉ ከተነቀለች፣ ድንበሩ እስከ ጠርዙ ከታረሰ፣ ለስንዴውና ለጤፉ የምንረጨው ሰፊ ቅጠል ያለውን የሚገድል ፀረ-አረም ወደ ድንበሩም ከተረጨ፣ አደይ ከዚያ ቦታ ትጠፋለች። አደይ ሰብል ውስጥ ስትገባ አረም እንደሆነች አውቃለሁ። ማሳ ውስጥ ተዋት የሚል ምክር አልሰጥም። የማወራው ስለ ድንበሩ፣ ስለ እርከኑ፣ ስለ ቦረቦሩና ስለ ግቢው ነው።

እነሆ፣ አባቴ፣ የማሩ ነገር እዚህ ላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የምንቆርጠው ማር በአብዛኛው የመስከረም አበቦች ውጤት ነው፤ አደይ ከዋነኞቹ አንዷ ናት። አደይ በጠፋችበት ድንበር ላይ ቀፎ መስቀል ሣር በሌለበት ላም እንደ መግዛት ነው። ዩኒየናችን ማርን ለገበያ የሚያቀርብ ከሆነ የድንበሩ አበባም የዩኒየኑ ሀብት ነው ማለት ነው።

በመሆኑም ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተሉትን አሳስባለሁ፦

• እያንዳንዱ አባል ከማሳው ድንበር ወይም ከእርከኑ ላይ አንድ እርምጃ ስፋት ያለው ቦታ እስከ ኅዳር አጋማሽ ሳያርስና ፀረ-አረም ሳይረጭ እንዲተው፤
• ልጆቻችን አደይን በመቁረጫ ከአገዳዋ እንዲቆርጡ፣ ካገኙት ከሦስት አንዱን ለዘር እንዲተዉ በቤትና በትምህርት ቤት እንዲማሩ፤
• በኅዳር ወር የደረቀውን ራስ ሰብስበን በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ እንዲሁም በተራቆተ እርከን ላይ እንድንዘራ፤
• ፀረ-ተባይ መርጨት ግድ ሲሆን ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንዲረጭ፤
• የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችም ይህን በበጋው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡልን።

ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም፤ ስምምነት ብቻ ይጠይቃል። ስምምነት ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረት ነው። አንድ ሰው ድንበሩን ትቶ ጎረቤቱ ቢያርሰው ከንቱ ነው፤ ድንበር የሁለት ሰው ነውና።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ መድረክ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አበባ ፕላስቲክ ነው። አዘጋጆቹ ደክመው አሳምረውታልና አመሰግናቸዋለሁ። በሚቀጥለው በዓላችን ግን ከአባሎቻችን ጓሮ የተቆረጠ እውነተኛ አበባ እንዲቀመጥ ቃል እንግባ። ማስቀመጫ ከጠፋ የእናቴን የተሰበረ ጀበና እኔ አመጣለሁ።